ሟች አባላችን ስለተዉት የሞዴል ባቡር ስብስብና ስለ አሻሻጡ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በሞት ከተለዩን አባሎቻችን የአንዱ ቤተሰብ ለእድሩ ያቀረበው ጥያቄ ከዚህ በፊት ገጥሞን የማያውቅ ዓይነት ነበር። አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገው ወጪ እንደ ደንባችን ጊዜው ሳያልፍ ተከፍሏል፤ ለቅሶውም በሥርዓቱ ተቀምጧል። ከአርባው በኋላ ባለቤታቸው ለኮሚቴው ደውለው የጠየቁት ግን፣ «ኬለር ውስጥ ያለውን ባቡር ምን ላድርገው?» የሚል ነበር። ወሬውን የሰሙ አንዳንድ አባሎች የልጅ መጫወቻ ነው ብለው ሳቁ። «እድሩ ደግሞ ባቡር ሻጭ ሆነ ወይ?» ያሉንም አሉ። ቦታው ድረስ መጥተው ያዩት ግን አልሳቁም።

በዚህ ጉዳይ ሦስት አባሎች ተመድበን ስምንት ወር ያህል ሠርተናል። ሂሳቡ ለቤተሰቡ ተነቧል፤ ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ስለ ሂሳብ ሳይሆን ስለ ነገሩ ነው። እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን በዚህ በጀርመን አገር ሠላሳና አርባ ዓመት ኖረናል። ቤታችን ሞልቷል። አንዱ ቤት ባቡር ባይኖር ካሜራ አለ፤ ካሜራ ባይኖር ሸክላ፣ ቴምብር፣ የእጅ ሰዓት አለ። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ዋጋውን እሱ ብቻ ያውቃል፤ ሲሞት ግን ዕውቀቱም አብሮ ይቀበራል። ለሐዘንተኛ የሚቀረው ካርቶን ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

መጀመሪያ ስለ ሰውየው ትንሽ እንበል፤ ያለዚያ ስብስቡ ምን እንደሆነ አይገባም። ሟቹ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የድሬዳዋ ሰው ነበሩ። አባታቸው የሽመንደፈር ሠራተኛ ነበሩ። መቼም ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ መሆኗን የማያውቅ የለም። ከጅቡቲ የተነሣው መሥመር ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ሳለ ዳገቱ ወጪውን ስላከበደው ከተራራው ሥር ቀረ፤ በ1902 ሐዲዱ እዚያ ደረሰ፤ ከተማይቱም በሐዲዱ ዙሪያ በቀለች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። እንግዲህ እኒህ ሰው በፉጨትና በጭስ መካከል አድገው፣ በ1980ዎቹ ዓመቶች ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ድሬስደን መጡ። በትምህርት ገንዘባቸው መጀመሪያ የገዙት ሰዓት ወይም ራዲዮ አይደለም፤ አንዲት ትንሽ ሎኮሞቲቭና ሦስት ፉርጎ ነው። ግንቡ ፈረሰ፣ አገርም አንድ ሆነ፣ እሳቸውም ወደ ምዕራቡ ክፍል ተሻገሩ፤ ባቡሩ ግን እየጨመረ ሄደ። ስንቆጥረው 112 ሎኮሞቲቭና ከ400 የማያንስ ፉርጎ ሆነ። ሐዲዱን በሜትር መቁጠር ትተን በካርቶን ቆጠርነው።

የሞዴል ባቡር ዓይነቱ ብዙ ነው። ይህን ሳያውቁ መሸጥ ደግሞ በጨለማ መሸጥ ነው። ልዩነቱ በመጠኑ ነው። በጣም የተስፋፋው ጀርመኖቹ ሃ-ኑል የሚሉት ሲሆን ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። ቴ-ቴ የሚባለው 120 ጊዜ ያነሰ ሆኖ ስፋቱ 12 ሚሊሜትር ነው፤ በምሥራቅ ጀርመን በሰፊው የተሠራው ይኸው ነበር፤ የሟቹም የመጀመሪያ ባቡር እሱ ነው። ኤን የተባለው 160 ጊዜ፣ ዜት የተባለው ደግሞ 220 ጊዜ ያነሰ ነው፤ የዜት ሐዲድ ስፋቱ 6.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ሎኮሞቲቩን በሁለት ጣት ያነሡታል። በሌላው ጫፍ በአትክልት ቦታ የሚዘረጋው ትልቁ ኤል-ጌ-ቤ አለ፤ ኑርንበርግ ያለው የሌማን ፋብሪካ በ1968 ያወጣው ነው። የዚህን የሐዲድ ስፋት ልብ በሉ። 45 ሚሊሜትር ነው፤ ሞዴሉ 22.5 ጊዜ ያነሰ ነው። ብታባዙት አንድ ሜትር ይመጣል። ባለ አንድ ሜትሩ ሐዲድ ደግሞ የእኛው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ነው! ፋብሪካው ሲሠራው የስዊስንና የኦስትሪያን ተራራ እያሰበ ነበር እንጂ ስለ አዋሽ ያሰበ አይመስለንም፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ መሥመር እንደ አውሮፓው 1,435 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ይህ ስሌት የሚሠራው ለአሮጌው መሥመር ብቻ ነው።

ከስብስቡ የሚበዛው የመርክሊን ሥራ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካ ጥቂት ማወቅ ለሻጭ ይጠቅማል። ጎፒንገን በምትባል ከተማ በ1859 አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆን የወጥ ቤት ዕቃ መሥራት ጀመረ። ሰውየው በ1866 ሲሞት ሥራው እንዳይዘጋ ያቆየችው ሚስቱ ካሮሊነ ናት፤ በኋላ ልጆቿ ተረከቧት። (እዚህ ላይ ያሉ እኅቶቻችን ይህንን እንዲይዙልን ነው።) በ1891 በላይፕሲግ ትርዒት ላይ በምንጭ የሚሽከረከር ባቡር ከነሐዲዱ አቀረቡ። ዋናው ብልሃታቸው ሐዲዱን በተወሰነ መጠን መሥራታቸው ነበር፤ ልጁ ዘንድሮ የገዛውን ከርሞ ከሚገዛው ጋር ያገጣጥመዋል፤ ስለዚህ በየገና በዓሉ ይጨመርለታል። ንግድ ከተባለ ይህ ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚሄደውን ትንሹን ባቡር በ1935፣ ዜት የተባለውን ደግሞ በ1972 አወጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ስለ ዋጋ ስንናገር እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ገና ምንም ሳንነካ የመጣው የመጀመሪያ ገዢ ነበር። ወሬውን ከየት እንደሰማ አናውቅም። ነጋዴ ነው፤ ስሙ ይቅርብን። ኬለር ወርዶ ሩብ ሰዓት ያህል ተመላለሰና ለሁሉም 900 ዩሮ በጥሬው እሰጣለሁ፣ መኪናዬም ደጅ ቆማለች አለ። ባለቤታቸው እሺ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ኬለሩን እስከ ወር መጨረሻ ለቤቱ ባለቤት ማስረከብ ነበረባቸው፤ ልጆቹ ሌላ ከተማ ናቸው፤ ሴትዮዋ ደግሞ እዚያ ወርደው ያንን ሁሉ ካርቶን ባዩ ቁጥር ያለቅሱ ነበር። ነጋዴው ሕግ አልጣሰም፤ እሱ ዋጋ ሰጠ እንጂ አልሰረቀም። ነገር ግን ዋጋ የሚያውቀው አንዱ ወገን ብቻ ከሆነ ድርድር አይባልም። እኛ ያልነው፣ «ዛሬ አይሸጥም» ብቻ ነው። ካርቶኑን ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር ወደ እድሩ ዕቃ ቤት አዛወርነው፤ ኬለሩም በቀኑ ተረከበ። ከዚህ ከእድሩ ያገኙት እርዳታ ሁሉ የሚበልጠው ይህ የጊዜ እርዳታ ይመስለናል።

ሁለተኛው ነገር የሕግ ጉዳይ ነው፤ ይህንን በተለይ እንድታዳምጡን እንለምናለን። በዚህ አገር ሕግ ወራሽ የሚወርሰው ንብረቱን ብቻ አይደለም፤ ዕዳውንም ነው። ዕዳው የሚበልጥ ከሆነ ውርሱን አልፈልግም ማለት ይቻላል፤ ግን ወራሹ መውረሱን ካወቀ ጀምሮ ያለው ጊዜ 6 ሳምንት ብቻ ነው። ወራሹ ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ 6 ወር ይሆናል። አልፈልግም የሚለውም ቃል በደብዳቤ ብቻ አይበቃም፤ በውርስ ፍርድ ቤቱ ቀርቦ ወይም በኖተር ተረጋግጦ መሰጠት አለበት። ታዲያ ከባቡሩ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወራሹ ከሟቹ ዕቃ እንደ ራሱ ንብረት አውጥቶ ከሸጠ ውርሱን እንደተቀበለ ሊቆጠርበት ይችላል። አንዲት ሎኮሞቲቭ ሸጦ ያልታወቀ የባንክ ዕዳ ከነወለዱ መሸከም አለ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጣራው ዕዳው ነው፤ ባቡሩ አይበላሽም፣ ይቆያል። የቀብር ወጪ መክፈልና ዕቃን በደኅና ቦታ ማስቀመጥ ግን መቀበል አይባልም። በዚህኛው ቤተሰብ ዕዳ አልነበረም፤ ይህንንም በወረቀት ካረጋገጥን በኋላ ነው ሥራ የጀመርነው። የውርስ ግብርን የሚፈራ ካለ፣ ለትዳር ጓደኛ እስከ 500,000 ዩሮ፣ ለአንድ ልጅ ደግሞ እስከ 400,000 ዩሮ ነፃ ስለሆነ፣ በባቡር ምክንያት እንቅልፍ የሚያጣ አይኖርም።

ከዚያ ዝርዝር መጻፍ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን አንዱ ያነብባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ፎቶግራፍ ያነሣል። የፋብሪካው ስም፣ በካርቶኑ ጫፍ ላይ ያለው ቁጥር፣ የዕቃው ሁኔታ፣ ሣጥኑ አለ ወይስ የለም የሚለው ሁሉ ተመዘገበ። ሣጥን የምንለው የመጀመሪያውን የፋብሪካ ካርቶን ነው። አንድ ደግ ሰው ሊያግዘን መጥቶ የተቀደዱትን ካርቶኖች እየለየ ሊጥል ሲል ከእጁ ነው የነጠቅነው። ለሰብሳቢ አሮጌ ካርቶን ቆሻሻ አይደለም፤ ከነሣጥኑ ያለ ዕቃ ከሌለው በእጅጉ ይበልጣል። እንዲሁም ማጽዳት አያስፈልግም። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ በቂ ነው። ያረጀውን ቀለም መቀባት፣ የተሰበረውን በማጣበቂያ መለጠፍ፣ ሳሙና መንካት ሁሉ ዋጋ ይገድላል። ገዢው የሚፈልገው ያረጀውን ነው እንጂ የታደሰውን አይደለም፤ ልክ እንደ አሮጌ መስቀል ማለት ነው።

ኤሌክትሪኩ ላይ ጠንቃቃ መሆን ያሻል። ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ የቀሩ ትራንስፎርመሮች ነበሩ፤ የገመዳቸው ሽፋን ደርቆ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ይሠራ እንደሆን እንይ ብሎ ግድግዳ ላይ መሰካት ከባቡር ሽያጭ ወደ ሌላ ለቅሶ የሚያስገባ ነገር ነው። እነዚያን ለኤሌክትሪክ ቆሻሻ መሰብሰቢያ አስረክበናል። ሎኮሞቲቮቹን የሞከርነው በአዲስ ትራንስፎርመር ነው። ብዙዎቹ ዝም አሉ። የተበላሹ አይደሉም፤ ውስጣቸው ያለው ዘይት ለዓመታት ቆሞ እንደ ሙጫ ስለሚደርቅ ነው። «አልተሞከረም» ብሎ በእውነት መጻፍ ያስከብራል፤ ይሠራል ብሎ ዋሽቶ መላክ ግን ዕቃውንም ስሙንም ይመልሳል።

ሌላም የሚያሳስት አለ። የመርክሊን ባቡር የሚሄደው በሦስት መሥመር ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በሐዲዱ መካከል ከተደረደሩት ትንንሽ ነጥቦች ሲሆን፣ ሁለቱ ሐዲዶች ደግሞ መመለሻው ናቸው። የሌሎቹ፣ ማለት የፍላይሽማን፣ የሮኮና የፒኮ ባቡሮች በአብዛኛው ከሁለቱ ሐዲዶች አንዱን ለመምጫ ሌላውን ለመመለሻ ያደርጉታል። ስለዚህ የመርክሊኑ መንኮራኩር በእነዚያ ሐዲድ ላይ ቢቀመጥ ሁለቱን ያገናኛቸውና መሥመሩን ያቃጥለዋል። አንዱን ከአንዱ ደባልቆ «የተሟላ ባቡር» ብሎ መሸጥ ለገዢው ችግር፣ ለሻጩ ጠብ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ሟቹ ደረሰኝ የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ፤ ግማሹ በማርክ ነው። በተወሰነው ምንዛሬ፣ ማለት በ1.95583 ማርክ ለአንድ ዩሮ ስናሰላው፣ የደረሰኙ ድምር ከ19,000 ዩሮ በላይ ሆነ። ልጃቸው ይህን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ፤ እኛ ግን ተስፋውን ማቀዝቀዝ ነበረብን። የደረሰኝ ዋጋና የገበያ ዋጋ የተለያዩ ናቸው። ለምን? ይህን ባቡር የሚሰበስበው ሰው በአብዛኛው ከጦርነቱ በኋላ የተወለደው ጀርመን ነው። በልጅነቱ በገና ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያየውን፣ አባቱ ሊገዛለት ያልቻለውን፣ አድጎ ደመወዝ ሲያገኝ ይገዛ ነበር። ያ ትውልድ አሁን እያለፈ ነው። በየሳምንቱ አንድ ኬለር ይከፈታል፤ ሻጩ ይበዛል፣ ገዢው ያንሳል። ወጣቱ ባቡሩን አይጠላም፤ በ2001 የተከፈተውን የሃምቡርጉን ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ለማየት ሕዝብ እንደ ንብ ይጎርፋል፤ ግን አይቶ ይሄዳል እንጂ ለስብስብ የሚሆን ክፍል የለውም። ፋብሪካው ራሱ በ2009፣ 150ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት ዓመት፣ መክፈል አቅቶኛል ብሎ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ነበር። በ2013 ዚምባ ዲኪ የተባለው የመጫወቻ ድርጅት ባለቤቶች ገዙት፤ ዛሬም ይሠራል።

በዚህ ላይ ሰው የሚከብርበት ቦታ ሁልጊዜ ያሰበው ቦታ አይደለም። ሟቹ በ1990ዎቹ «በተወሰነ ቁጥር ብቻ የተሠራ» የሚል ምስክር ወረቀት ያላቸውን ብዙ ስብስቦች ገዝተው፣ ሳይከፍቱ፣ ለልጆቼ ይሆናል ብለው አስቀምጠዋል። ችግሩ ሁሉም ሰው እንዲሁ ሳይከፍት ማስቀመጡ ነው። ሁሉ ያስቀመጠው ነገር ብርቅ አይሆንም። ከገዙበት ሲሶውን ያወጡት ጥቂቶች ናቸው። በሌላ በኩል አዞዋ ነበረች። አዞ የሚሏት በስዊስ የጎትሃርድ ተራራ ላይ ጭነት ይጎትት የነበረው አረንጓዴ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሞዴል ናት፤ ረጅም አፍንጫ በፊትም በኋላም ስላላት ነው። መርክሊን በዚህ በትንሹ መጠን በ1947 ያወጣት ሲሆን ቁጥሯ ሴ-ሴ-ኤስ 800 ነበር። ሟቹ ከቀድሞዎቹ አንዷን ከአንድ ፍሎማርክት በጨርቅ ተጠቅልላ አግኝተዋታል። ሣጥን የላትም፣ ቀለሟም ተጫጭሯል፤ ሆኖም በጨረታ ብቻዋን 640 ዩሮ አወጣች። ያ ነጋዴ ለሁሉም 900 ማለቱን አስታውሱ። ሩብ ሰዓት ሲመላለስ ዓይኑ የት እንዳረፈ ያን ጊዜ ገባን።

ዕድሜ ሁሉ ዋጋ ነው ማለትም አይደለም። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ከተሠሩት አንዳንዶቹ የዚንክ በሽታ የሚሉት አለባቸው፤ ሲቀለጥ ዚንኩ ውስጥ እርሳስ ስለገባበት ብረቱ ከውስጥ እያበጠ ይሰነጠቃል፤ ከጊዜ በኋላ በእጅ ላይ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። ሁለት እንዲህ ያሉ አግኝተን ለመለዋወጫ ብለን ሸጠናል። እንዲሁም 3000 የሚል ቁጥር ያላት ትንሿ ጥቁር ሎኮሞቲቭ ነበረች፤ ለአሥርተ ዓመታት በብዛት ስለተሠራች በየኬለሩ አለች። አርጅታለች ብሎ ሀብት መጠበቅ አይሆንም።

የአሻሻጡ መንገድ ብዙ ነው። ሁሉን በአንድ ጊዜ ለነጋዴ መስጠት ያፋጥናል፤ ግን ነጋዴውም መኖር ስላለበት ከግማሽ በታች ይከፍላል፤ ይህን አውቆ የሚሸጥ ሰው አልተታለለም። የጨረታ ቤት ለብርቅዬው ጥሩ ነው፤ ኮሚሽኑን፣ የፎቶግራፉንና የመድኑን ወጪ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። በኢንተርኔት አንድ በአንድ መሸጥ ዋጋ ያስገኛል፤ ነገር ግን ማሸጉ፣ ፖስታ ቤት መመላለሱ፣ የገዢው ጥያቄ ማለቂያ የለውም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ እነዚህ የመሸጫ ድርጅቶች አንድ ሰው በዓመት 30 ጊዜ ከሸጠ ወይም ከ2,000 ዩሮ በላይ ካገኘ ለግብር መሥሪያ ቤት ያሳውቃሉ። ማሳወቅ ማለት ግብር ማስከፈል ማለት አይደለም፤ ሆኖም ዕቃው የሟች የግል ንብረት እንደነበር የሚያሳይ ዝርዝርና ደረሰኝ ቢኖር ጥያቄ ሲመጣ መልስ አለ። እኛ የመረጥነው ድብልቁን ነው። አሥራ አንዱን ብርቅዬ ለጨረታ ሰጠን፤ መካከለኛውን ቦርዘ በሚሏቸው የሞዴል ባቡር ገበያዎች ጠረጴዛ ተከራይተን በሦስት እሑድ ሸጥን፤ የቀረውን በካርቶን አሳለፍን። እሑድ ላይ ቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው አለ ብላችሁ የምትወቅሱን እንዳትኖሩ፣ ተራ ገብተን ነው።

በጠረጴዛው ላይ ያየነው ነገር ይነገር። የመጡት ገዢዎች በአብዛኛው ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ አንዲት ቀይ የመንገደኛ ፉርጎ አንሥቶ ረጅም ጊዜ ያገላብጣታል፤ ስድስት ዩሮ ናት። ስንጠይቀው ወንድሙ የነበረው ባቡር መሆኑን ነገረን። ዕቃው ከማን እንደመጣ ጠይቆን ስንነግረው ኮፍያውን አወለቀ። የእኛ ሰው ብቻ ነው ለቅሶ የሚያውቀው የሚል ካለ ያንን ሰው ቢያየው ጥሩ ነበር።

ሁሉም ተጠቃልሎ ወጪው ከተቀነሰ በኋላ ለቤተሰቡ 5,870 ዩሮ ገባ። እዚህ ላይ በኮሚቴው ውስጥ ክርክር ነበር። አንድ አባል ከድካማችን አንፃር ለእድሩ ካዝና ከመቶ አሥር ይቀመጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ክፉ አስበው አይደለም፤ ካዝናው መሳሳቱን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን ግን ተቃወምን። እድር ከሐዘንተኛ ቤት ተቀብሎ የሚያድር ከሆነ ነገ የሚሞተው ሰው ቤት ስንሄድ በምን ዓይን ሊያዩን ነው? እንዲሁም የኮሚቴ አባልም ሆነ የኮሚቴ አባል ቤተሰብ ከሟች ዕቃ እንዳይገዛ ወሰንን፤ በደንቡ ውስጥ እንዲገባም ለጉባኤው አቅርበናል። ዋጋውን የሚተምን ሰው ገዢ መሆን የለበትም። ከእኛ አንዱ ልጁ አንዲት ባቡር ወድዶ ሲያለቅስ ነበር፤ ከሌላ ሰው ጠረጴዛ ገዝቶለት ጉዳዩ አለቀ።

አሁን እስካሁን ያላነሣነው ነገር ቀርቷል። በኬለሩ መካከል ሦስት ሜትር በሜትር ተኩል የሆነ ጠረጴዛ ነበር። በላዩ ላይ ድሬዳዋ አለች። የጣቢያው ሕንፃ ከካርቶን፣ የከዚራ ዛፎች ከደረቀ ሣርና ከሽቦ፣ አሸዋው ከእውነተኛ አሸዋ፤ ግመሎች አሉ፣ ጫት የያዙ ሴቶች አሉ፣ ቁመታቸው ሁለት ሳንቲሜትር የማይሞላ። ባቡሩንም ፋብሪካ የሠራው የለም። የጅቡቲን ባቡር እንደሚፈልጉት አድርጎ የሚሸጥላቸው ስላጡ ራሳቸው ሠሩት። ብልሃቱ የገባን ቆይቶ ነው። በድሬስደን የገዟት የመጀመሪያዋ የቴ-ቴ ባቡር ሐዲድ 12 ሚሊሜትር ነው አላልንም? 12 ሚሊሜትር 120 ጊዜ ሲባዛ ትልቁ የአውሮፓ ሐዲድ ይሆናል፤ 87 ጊዜ ሲባዛ ግን አንድ ሜትር ከጥቂት ነው። ስለዚህ የተማሪነት ባቡራቸውን ከላይ ገፍፈው፣ ሞተሩንና መንኮራኩሩን ብቻ አስቀርተው፣ በላዩ ላይ በሃ-ኑል መጠን ከቆርቆሮና ከፕላስቲክ የአባታቸውን ባቡር አለበሱት። ያች የመጀመሪያዋ ሎኮሞቲቭ የት ሄደች ብለን በዝርዝሩ ስንፈልግ የከረምነው እሷን ኖሯል።

ይህን ለገበያ ብናወጣው ምን ያወጣል? ምንም። ነጋዴውም፣ የጨረታው ቤትም፣ በቦርዘ ያሉት ሽማግሌዎችም አንድ ቃል ናቸው። ሰው የሠራው ጠረጴዛ አይሸጥም፤ ገዢው የራሱን መሥራት ይፈልጋል፤ ማጓጓዙም ከዋጋው ይበልጣል። ብዙ ጊዜ በመጋዝ ተቆርጦ ይጣላል። ባለቤታቸው፣ «እሱ እዚያ ላይ ነበር የሚያመሸው፤ ስጠራው ድሬዳዋ ነኝ ይለኝ ነበር» አሉን። እንዲጣል አልፈቀዱም፤ ቤታቸውም አይበቃም። ሎኮሞቲቯንና ሦስቱን ፉርጎዎች ልጃቸው ወስዳለች፤ ለዋጋ አልተተመኑም፣ በሂሳቡም ውስጥ የሉም። ጠረጴዛው ግን ለሁለት ተከፍሎ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ እስከ ዛሬ በእድሩ ዕቃ ቤት ከድንኳኑ ጀርባ ቆሟል። በዚህ ከተማ ያለ አንድ የሞዴል ባቡር ክበብ ለማየት እንመጣለን ብለውናል። ካልሆነም፣ ከአባሎቻችን መካከል ደረቅ ቦታ ያለው ሰው ቢገኝ ቤተሰቡ በነፃ ለመስጠት ፈቃደኛ ነው። እርጥበት ያለበት ኬለር ግን አይሆንም፤ ካርቶኑ ያብጣል።

ለሌሎቻችን ደግሞ አንድ ቅጽ አዘጋጅተናል፤ ከዚህ መጽሔት ጀርባ ተያይዟል። ቤታችሁ ያለውን፣ ሌላ ሰው ዋጋውን የማያውቀውን ዕቃ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ የገዛችሁበትን ጻፉበትና ለእኛ ሳይሆን ለልጆቻችሁ ስጡ። ማን እንዲወስደው እንደምትፈልጉና ምን እንዳይሸጥ እንደምትፈልጉም ጨምሩበት። አንዳንዱ ሰው ሞትን መጥራት ነው ይላል። እድር ውስጥ ተመዝግቦ መዋጮ የሚከፍል ሰው ይህን ሲል ግን ያስገርመናል።

በመጨረሻ፣ ሁለት ካርቶን የብረት ሐዲድ አልተሸጠልንም፤ ከብዛቱ የተነሣ ገዢ የለውም። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያለው ከዕቃ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ በነፃ ሊወስድ ይችላል። ለመርክሊን ብቻ የሚሆን ነው፤ ትራንስፎርመር አብሮት የለም፤ ካርቶኑም ከባድ ስለሆነ መኪና ይዛችሁ ኑ።